የጁሙዓ ማስታወሻ፦ አባቱን የሚጠብቅ ልጅ

  

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ልጆቻችን ማታ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ለእኔም ትንሽ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ኡስታዝ በሁለት ጥያቄ እስኪያሳፍረኝ ድረስ።

ሱቄ መርካቶ፣ ቤቴ አየር ጤና ነው። ሱቅ ዘግቼ፣ መግሪብን እዚያው ሰግጄ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ከዚያም ያልፋል። አላህ ሦስት ልጆች ሰጥቶናል፤ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጅና ገና አምስት ወር የሆነው ሕፃን። ትልቁ በሩ ሲንኳኳ "አቢ መጣ!" ብሎ እየሮጠ ይመጣና እግሬ ላይ ይጠመጠማል። አባት የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የቀኑ ድካም እዚያው በር ላይ ይቀራል። ከዚያ እራት አብረን እንበላለን፣ እንላፋለን፣ ስልኬን ተቀብሎ ይጫወታል። እህቱም እሱ ሲጫወት እያየች አትተኛም። ሁሉም ጋደም እስኪል ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ልጄ እኔን ሳያይ እንደማይተኛ ለጓደኞቼ ስናገር ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ቁርኣን ይቀራል። አንድ ቀን ኡስታዙ ጠርቶኝ፣ ጁዝ ዐማ ላይ ካለበት ሱራ ፈቀቅ እንዳላለ፣ ቁርኣኑን ከፍቶ እንደሚያንቀላፋ፣ ሲነቃ ደግሞ አጠገቡ ያሉትን እየነካካ እንደሚያስቸግር ነገረኝ። እኔ ልጁን ልቆጣ ወደ እሱ ስዞር ኡስታዙ እጄን ያዝ አደረገኝ።

"ወንድሜ፣ ማታ ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?"

"እኔ ስገባ።"

"አንተስ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?"

መልስ አልሰጠሁም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ግን እሷ ብዙ ጊዜ ያሰበችበት ነገር ነበርና ሳትቆጣ እንዲህ አለችኝ፦ "እሱ አይደለም እኮ የሚጠብቅህ፤ አንተ ነህ የምታስጠብቀው።"

ደብተር አውጥተን ሰዓቱን ቆጠርን። ለሱብሒ የምቀሰቅሰው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 11 ተኩል ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጄ ከትንሹ መጠን እንኳ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጎድለው ነበር። በአምስቱ የትምህርት ቀናት ሲደመር 12 ሰዓት ተኩል ይመጣል፤ አንድ ሙሉ ሌሊት አልፎ ተጨማሪ ማለት ነው። በዚህ ላይ ነበር እኔ ለሱብሒ "አትነሳም ወይ!" እያልኩ የምጮኸው።

ከዚህ በታች ላሉትም ቁጥሩ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ይህን ሳይ የሴት ልጄ ማልቀስና መነጫነጭ ሁሉ አመል እንዳልነበረ ገባኝ። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አያዛጋም። ይቀብጣል፣ ይሮጣል፣ በትንሽ ነገር ያለቅሳል። እኛም "ገና እንቅልፉ አልመጣም፣ አየኸው ሲጫወት" እንላለን። እንቅልፉማ መጥቶ አልፏል።

እንቅልፍን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነበእ ከጸጋዎቹ ጋር ቆጥሮ ማረፊያ እንዳደረገልን ነግሮናል። ልጅ ደግሞ በእንቅልፉ የሚያርፍ ብቻ አይደለም፤ ይሠራል። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ቀን የተማረውንም አንጎል የሚያደላድለው ሲተኛ ነው። ኡስታዙ ከሰዓት በኋላ ያስቀራውን አያ እኔ ማታ ማታ እያፈረስኩበት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ይከብደኛል።

አሁን ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንምጣ። ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላ ደግሞ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑለሞች ለዕውቀት፣ ለእንግዳና ከቤተሰብ ጋር የሚደረግን ጨዋታ ከዚህ ይለያሉ። እኔም ይህችን ይዤ ራሴን ሳጽናና ነው የኖርኩት፤ "ከቤተሰቤ ጋር ነው የማመሸው" እያልኩ። ግን ሌላ ዘገባ አለ። ኢብን ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ልጅ ሳሉ በአክስታቸው በመይሙና (ረዲየላሁ ዐንሃ) ቤት አንድ ሌሊት አድረዋል። ነቢያችን ዒሻን ሰግደው ገቡ፣ አራት ረከዓ ሰገዱ፣ ተኙ። ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ ያነሱት ነገር ትንሹ ልጅ ተኝቶ እንደሆነ ነበር። ከዚያ ነው ለሶላት የቆሙት። ልጁም ተነስቶ በግራቸው ሲቆም ወደ ቀኝ አዞሩት።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሌሊት ሶላትና ስለ ቀኝና ግራ አቋቋም ነው። እኔ አሁን የምሰማበት ቦታ ሌላ ነው። የአላህ መልእክተኛ ሌሊት ለጌታቸው ሊቆሙ ሲነሱ በቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ እንቅልፍ ትዝ ብሏቸዋል። ኢብን ዐባስንም ሌሊት ያስነሳው ማንም አልጮኸበትም፤ ቤቱ በጊዜ የሚተኛና በጊዜ የሚነሳ ቤት ነበርና ነቅቶ ተነሳ።

በሱረቱ ኑር ደግሞ ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቁባቸው ሦስት ጊዜያት ተነግረዋል፤ ከፈጅር በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ በሚወልቅበት ጊዜ፣ እና ከዒሻ በኋላ። ከዒሻ በኋላ ያለው ሰዓት የባልና ሚስት ገመና ተብሎ ተከብሮ ሳለ፣ በእኛ ቤት ያ ሰዓት የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም፣ የስልክና የልጆች ሩጫ ሰዓት ሆኗል። እውነቱን ለመናገር እኔና ባለቤቴ ለወራት በእርጋታ የተነጋገርንበት ምሽት አልነበረንም።

ታዲያ "ዒሻ ሳይሰግድ እንዴት ይተኛ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለትንንሾቹ ይህ አያስጨንቅም። አንድ ሌሊት ነቢያችን ዒሻን ሲያዘገዩ ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ሴቶቹና ልጆቹ መተኛታቸውን ጮክ ብለው አሳውቀዋል፤ በዘገባው ውስጥ ልጆቹ ለምን ተኙ ተብለው ተወቀሱ የሚል ቃል የለም። ሰባት ዓመት ሞልቶት ሶላት ለታዘዘው ልጅ ግን አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ራሱ ይገጥማል። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ዒሻም እንደ ወቅቱ ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 2 ሰዓት አካባቢ ይገባል። ልጁ ዒሻ እንደገባ ሰግዶ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ቢተኛ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲነሳ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ተኝቷል። ዘጠኟ ሞላች። ሱብሒም ፀሐይ ሳትወጣ ደረሰ። ይህን ሒሳብ ሳገኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ችግሩ ሁልጊዜ ሶላቱና እንቅልፉ የሚጣሉ ይመስለኝ ነበር፤ የሚያጣላቸው የእኔ 3 ሰዓት ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ቀየርነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል አልነበረም። ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ "አቢ ሳይመጣ!" እያለ አለቀሰ። እኔም ቤት ስገባ ዝምታ ተቀበለኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ እራቴን ብቻዬን ስበላ ቤቴ የሰው ቤት መሰለኝ። ሦስተኛው ማታ ላይ "ይቅር፣ ልቀስቅሰው" ብዬ ተነስቼ ነበር፤ ባለቤቴ በር ላይ ቆመችብኝ።

እሷ ያበጀችው ሥርዓት ይህ ነው፤ ለሚጠቅመው ሰው ልጻፈው። መግሪብ ሳይል ከሰፈር ጨዋታ ይገባሉ። ሌሊቱ ሲጀምር ልጆችን ሰብስቡ የሚለውን የነቢያችንን ትዕዛዝ እናቶቻችን ድሮም "መግሪብ ሳይል ግቡ!" እያሉ ይፈጽሙት ነበር፤ እኛ ነን የረሳነው። የልጆቹ እራት ከመግሪብ ቀጥሎ ነው፣ እኔን አይጠብቅም። ማታ ሻይ የለም። ሻይ ውስጥ ካፌይን እንዳለ እያወቅን ለሦስት ዓመት ልጅ በትልቅ ብርጭቆ እንቀዳለን፣ ከዚያ ለምን አትተኛም እንላለን። እራት ካለቀ ስልክና ቴሌቪዥን ይዘጋል፣ ለእኛም ጭምር። ደማቅ ብርሃን ለሰውነት ገና ቀን እንደሆነ ይነግረዋልና የሳሎኑ መብራት ጠፍቶ የመኝታ ቤቷ ትንሿ ብቻ ትበራለች። ጥርስ ይታጠባል፣ ትልቁ ውዱእ አድርጎ ዒሻውን ይሰግዳል። ከዚያ አንድ የነቢያት ታሪክ፤ ሁለት አይደለም፣ አንድ። ባለቤቴ በዚህ ላይ ጥብቅ ናት፤ የዩኑስ (ዐ.ሰ) ታሪክ ዓሣው ላይ ሲደርስ "ነገ ይቀጥላል" ማለትን ታውቅበታለች። በመጨረሻ አያተል ኩርሲይ፣ ከዚያም ነቢያችን ሲተኙ ያደርጉት እንደነበረው ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን በእጅ መዳፍ ላይ ቀርቶ ሰውነትን ማበስ። የሦስት ዓመቷ ይህን ከሁሉ ትወደዋለች፤ ሆዷን ካልዳበስናት አትተኛም።

ሰዓቱ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ልጅን እንቅልፍ የሚያስለምደው ቅደም ተከተሉና ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ቅዳሜና እሁድ እስከ 5 ሰዓት አምሽቶ ሰኞ 2 ሰዓት ላይ ተኛ ቢሉት አይተኛም፤ እኛም አንችልም። ሠርግና እንግዳ ሲመጣ መዝለል ያለ ነው፣ ይሁን። በየሳምንቱ ሲሆን ግን ሥርዓቱ የለም ማለት ነው።

ሕፃኑን በተመለከተ ነገሩ ይለያል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን አይለይም፤ መለየት የሚጀምረው ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ነውና ቀድሞ ሰዓት ይዞ ማስጨነቅ ትርጉም የለውም። ቀን ብርሃንና የቤት ድምፅ፣ ሌሊት ሲጠባ ደብዘዝ ያለ መብራትና ዝምታ፣ ይህ ይበቃል። እሹሩሩ እያሉ አዝሎ ማስተኛት ምንም ነውር የለውም፤ እኔም ያደግኩት በወሎ በአያቴ ጀርባ ላይ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ አልጋ ላይ ሲጋደም በጀርባው ይሁን፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ፤ በወላጆቹ ክፍል፣ በራሱ ቦታ። በሆድ ወይም በጎን ማስተኛት ለድንገተኛ የሕፃናት ሞት እንደሚያጋልጥ ታውቋል። "በቀኝ ጎን መተኛት ሱና ነው" ብለው ሕፃኑን በጎኑ የሚያስተኙ ወላጆች አይቻለሁ። ያ ምክር የተነገረው ውዱእ ለሚያደርግ፣ የመኝታ ዱዓውን ለሚል ሰሐባ ነው። ራሱን መገልበጥ ለማይችል ሕፃን አይደለም።

ከሰል ነገር ደግሞ። በብርዱ ወራት ቡናው ከተጠጣ በኋላ ምድጃውን "ክፍሉን ያሙቅልን" ብሎ ልጆች ወደተኙበት ማስገባት የተለመደ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ዘግተው የተኙትን ሳይነቁ ይገድላል። ነቢያችን ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው አዘውናል፤ በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጥሎ በተነገራቸው ጊዜም ይህንኑ አሳስበዋል። የዕጣኗም ፍም ብትሆን ውጭ ትደር።

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የእናንተ ፈተና ሌላ ነው። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው ስትለኝ የእኔን ሒሳብ ልልክላት አፈርኩ። እዚያ ልጅን በመግሪብ ማስተኛት አይሆንም። እሷ ወፍራም መጋረጃ ሰቅላ፣ ትንንሾቹን ገና በፀሐይ በሰዓታቸው ታስተኛለች። ሶላት የጀመረውን ልጅ ጉዳይ ግን የአካባቢዋን ዓሊሞች ጠይቃ ነው የያዘችው፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ረመዳን ሲመጣ ሁሉ ነገር እንደሚፈርስ አውቃለሁ። ልጆች ተራዊሕን ይወዳሉ፣ ይውደዱም። እኛ የወሰንነው ትልቁ በነጋታው ትምህርት በሌለበት ሌሊት ብቻ፣ ቀን ተኝቶ እንዲመጣ ነው። ሦስት ዓመቷን ልጅ ለሱሑር መቀስቀስ ግን የእኛ መዝናኛ እንጂ የእሷ ዒባዳ አይደለም። ባለፈው ዓመት ቀስቅሰናት ፎቶ አንስተናታል፤ ዘንድሮ አንደግመውም።

የቀን እንቅልፍም አይረሳ። ሰሐቦች ጁሙዓ ቀን ቀይሉላቸውን የሚተኙት ከሶላቱ በኋላ እንደነበር ተዘግቧል። ዛሬ ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን የሆነላችሁ ልጆቹን ከመስጂድ መልስ ምሳ አብልታችሁ ጋደም አድርጓቸው። ትልልቆቹን ግን ከዐስር በኋላ አታስተኙ፤ ማታውን ያበላሽባችኋል።

አሁን አራት ወር ሆኖናል። ማታ የጠፋብኝን ጠዋት አገኘሁት። ልጁ ብዙ ቀን ሳልጠራው ይነሳል። አንዳንዴ መስጂድ ይዤው እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ ቤት በቀኜ ያቆምኩት ይሰግዳል። ከዚያ ትምህርት ቤት እስኪሄድ አንድ ሰዓት የሚሆን ጊዜ አለን፤ ዳቦ ቆርሰን፣ ትናንት የቀራውን ያሰማኛል። ማታ ማታ ስልኬን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ጠዋት ግን ይናገራል፤ ማን እንደመታው፣ የትኛው ሒሳብ እንዳልገባው፣ ሰው ሲሞት የት እንደሚሄድ። ኡስታዙም ባለፈው ሳምንት አንድ ሱራ መጨረሱን ነገረኝ፤ ስለ መኝታ ሰዓቱ ግን ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

በር ማንኳኳትም ትቻለሁ። ታክሲ ላይ እያለሁ ለባለቤቴ "ደረስኩ" ብዬ እጽፍላታለሁ፣ እሷ ቀስ ብላ ትከፍትልኛለች። ጫማዬን አውልቄ ከሰላምታ ቀጥሎ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምጠይቃት ልጆቹ ተኝተው እንደሆነ ነው።